«አብሽሩ፣ ሰው ነኝ»

ስለ ጅን ወሬ ሲጀመር ተነስቶ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ የሚሄድ ሰው በየቤቱ አይጠፋም፣ እኛ ቤት ያ ሰው እኔ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው፣ እዚያ ደግሞ እገሌ ማታ ሲመለስ እንዲህ ያለ ነገር ገጠመው፣ እገሊትን ከወንዝ ዳር በስሟ ጠራት የማይባልበት ሰፈር የለም፣ እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ያለው ወሬ አይጥመኝም፣ ባለቤቴ ዘይነብ «አንተ እኮ ልብህ ደረቅ ነው» ትለኛለች፣ እውነቷን ነው። ጅን በቁርኣን አለ ከተባለ አለ፣ በዚያ አልከራከርም፣ ግን ከኤርፖርት ሆቴል፣ ከሆቴል ኤርፖርት መንገደኛ ሲያመላልስ ውሎ ማታ አትላንታ ዳር፣ ታከር ያለው ቤቱ ገብቶ የሚተኛን ሰው ጅን ምን ይፈልገዋል እላለሁ። እል ነበር ማለት ይሻላል። ይህን ነገር ከአንድ ሁለት ሰው በቀር ለማንም አላወራሁም፣ አሁንም የማወራችሁ እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም፣ ሆዴ ውስጥ አልቀመጥ ስላለኝ ነው።

ነገሩ የጀመረው በምድጃ ነው። ሆቴሉ በር ላይ መንገደኛ ስጠብቅ ቪዲዮ ማየት ልማዴ ነው፣ አንድ ሰሞን ታዲያ በዊንተር ድንኳን ውስጥ እንጨት እያነደዱ ካምፕ የሚያደርጉ ሰዎች ቪዲዮ ያዘኝ፣ ውጭው በረዶ፣ ውስጡ ሙቅ፣ ሰውየው በካናቴራ ቁጭ ብሎ ሥጋውን ይጠብሳል፣ ያን እያየሁ መንገደኛ የረሳሁበት ጊዜ አለ። በመጨረሻ ምድጃውን ራሴ ልሠራው ተነሳሁ። ወታደሮች ጥይት የሚይዙበትን ዓይነት የብረት ሣጥን ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ገዛሁ፣ ጓሮ ውስጥ እሳት አንድጄበት ቀለሙን አስለቀቅኩ፣ ለእግሩ ረጃጅም ብሎን ገጠምኩለት፣ ከላይ የጭስ ማውጫ ቱቦ አስገባሁለት፣ ከፊቱ ደግሞ አየር የሚገባባቸው ቀዳዳዎች በድሪል በስቼ እነሱን የምትከፍትና የምትዘጋ አንዲት ተንሸራታች ቆርቆሮ ሠራሁለት። ኩራቴ ያቺ ቆርቆሮ ነበረች፣ ወደ ግራ ሳብ ሲያደርጓት እሳቱ እየጮኸ ይነዳል፣ ወደ ቀኝ ሲገፏት ጭል ጭል ይልና ይተኛል። ዘይነብ ጋራዡ በር ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየችና «ሰው ከእንጨት ጭስ ሸሽቶ አሜሪካ ይመጣል፣ አንተ አሜሪካ ከመጣህ በኋላ ጭስ ፍለጋ ጫካ ትሄዳለህ» ብላኝ ገባች።

አብሮኝ የሚሄድ ሰው ስፈልግ በረከትን አገኘሁ። በረከት ከኛ ብዙ ሳይርቅ ብሩክሄቨን ነው የሚኖረው፣ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የነርስ ረዳት ነው፣ እዚህ አገር እንደገባን አንድ አፓርታማ ተጋርተን ኖረናል፣ እሱ ጴንጤ እኔ ሙስሊም፣ እሱ እሑድ ጠዋት በዝማሬው ይቀሰቅሰኛል፣ እኔ በስልኬ አዛን እቀሰቅሰዋለሁ፣ በዚህ ተጣልተን አናውቅም። የምንጣላው በሌላ ነው። በረከት ሀይዌይ ላይ መኪናው የተበላሸበት ሰው ካየ ሳይቆም አያልፍም፣ ነዳጅ ማደያ ላይ «ላግዝህ» ሳይል አይሄድም፣ እኔ ደግሞ ሹፌር ነኝ፣ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ «እርዳኝ» ላለው ሰው መስኮት ዝቅ አድርጎ ሽጉጥ ተደግኖበት መኪናውን ተቀምቷል። ስንት ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ መሰላችሁ። እኔ ጅን አልፈራም፣ ሰው ግን እፈራለሁ። ይሄንን ቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ ያደረግኩትን ነገር ከየት እንዳመጣሁት እንድታውቁልኝ ነው፣ ማመካኛ ይሁነኝ ብዬ አይደለም።

ሁለታችንም ከሥራ ኦፍ የሆንነው ያ ከባድ ብርድ በገባበት ሳምንት ነበር። አትላንታን ታውቋታላችሁ፣ ሁለት ጠብታ በረዶ ከወረደ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ዳቦና ወተት ከመደርደሪያ ይጠፋል፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ እኛ ድንኳንና ምድጃ ጭነን ሀይዌይ አራት መቶን ይዘን ወደ ሰሜን፣ ወደ ተራራዎቹ ወጣን። መኪናውን ጥርጊያ መንገዱ መጨረሻ ላይ ፓርክ አደረግን፣ ሌላ አንድም መኪና አልነበረም፣ ይሄን ልብ በሉልኝ። ከዚያ ዕቃችንን ተሸክመን በአንዲት ጅረት ዳር ወደ ላይ ሄድንና ዛፎቹ መሐል ለጥ ያለች ቦታ ስናገኝ ድንኳኑን ተከልን። ሸራው ወፍራም ነው፣ ሰፊ ነው፣ እኔና በረከት ተኝተንበት ሌላ ሁለት ሰው ያስተኛል፣ ይሄንንም ልብ በሉልኝ። ምድጃውን በስተግራ፣ ከሸራው ትንሽ ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩት፣ ቱቦውን እሳት በማይበላው ጨርቅ በኩል ወደ ውጭ አወጣሁት፣ የደረቀ እንጨት ለቅመን ለኮስኩ፣ እመኑኝ፣ ጢስ እንኳ አላስቸገረንም፣ ጃኬታችንን አወለቅን።

«ሰይዶ፣ ይሄ እኮ ሳውና ነው» አለኝ በረከት፣ ካልሲውን አውልቆ እግሩን ወደ ምድጃው ዘርግቶ።

ከሐላል ቤት የገዛሁትን ሥጋ በምድጃው ላይ ጠብሰን በላን፣ እኔ መግሪብና ኢሻዬን ሰገድኩ፣ እሱ ትንሽ ጸለየ፣ ከዚያ ወሬ ገባን። መጦሪያው ውስጥ ስላሉት ሰዎች አወራልኝ፣ ልጆቻቸው የማይጠይቋቸው አሉ፣ ማታ ማታ በር የተንኳኳ እየመሰላቸው «ግባ፣ ግባ» የሚሉ አሉ፣ በረከትም ገብቶ «መጣሁ» ይላቸዋል፣ ማን መሆኑን አይነግራቸውም። እኔ ሳቅኩበት። ሰዓቱ ገና ነበር፣ ከተማ ቢሆን እራት የሚበላበት ሰዓት ነው፣ ግን በዊንተር ጫካ ውስጥ ጨለማው ቶሎ ስለሚወርድ ሌሊት ሆኗል።

መጀመሪያ የሰማሁት ቅጠል ነው። መሬቱ በወደቀ ቅጠል የተሞላ ነው፣ ያ ቅጠል ደግሞ በርዶ እንደ ብስኩት ሆኗል፣ ሲረገጥ ይሰበራል። ከበላያችን በኩል፣ ከጅረቱ ማዶ፣ ቅጠል ተሰበረ። አጋዘን ነው ብዬ ዝም አልኩ፣ በረከትም ወሬውን አላቋረጠም። ቆይቶ ደግሞ ቀረብ ብሎ ተሰበረ፣ ረገጥ፣ ጸጥ፣ ረገጥ፣ ጸጥ፣ እንደደከመው ሰው። አጋዘን እንደዚያ አይራመድም። በረከት ወሬውን አቆመ። ተያየን። የጭስ ማውጫው ቱቦ ሙቀት ሲያገኘው ቲን፣ ቲን የሚል ድምፅ አለው፣ ከዚያ በቀር የሚሰማ ነገር የለም፣ እርምጃው ድንኳናችን አጠገብ መጥቶ ቆመ።

«ቤቶች» አለ።

በአማርኛ። አሁን ሲነበብ ምንም አይመስልም፣ ግን አስቡት፣ በጆርጂያ ተራራ ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ አንድም መኪና በሌለበት ጫካ፣ አንድ ሰው ከድንኳኔ ውጭ ቆሞ አገር ቤት እንግዳ ደጅ ላይ ሆኖ እንደሚለው «ቤቶች» አለኝ።

በረከት ፊቱ በራ፣ ፈገግ ሊል ሁሉ ነው፣ ብድግ ሲል ጉልበቱን ያዝኩት። ለምን እንደያዝኩት ጠይቁኝ፣ ያኔ ያሰብኩት ይሄንን ነው፤ ይህ ሰው ስናወራ ቆሞ ሲሰማን ነበር ማለት ነው፣ ቋንቋችንን ያወቀው በዚያ ነው፣ ሰው በብርድ ጫካ ውስጥ ተደብቆ የሰው ወሬ የሚሰማው ለደግ አይደለም። ይሄ ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው ወደ ጭንቅላቴ የመጣው። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ዝም በል አልኩት።

«ቤቶች፣ እንደምን አመሻችሁ» አለ ደግሞ። ድምፁ የወንድ ነው፣ ሽማግሌም አይደለም ወጣትም አይደለም፣ አማርኛው የኛ አገር የገጠር አማርኛ ነው፣ ወሎ ውስጥ ካደጋችሁ ታውቁታላችሁ፣ ረገብ ያለ፣ የማይቸኩል። «መሽቶብኝ ነው» አለ።

በረከት በሹክሹክታ «የኛ ሰው ነው እኮ፣ ልክፈትለት» አለኝ። እኔ ራሴን ነቀነቅኩ። ጉልበቱን አልለቀቅኩም። «ብቻውን ላይሆን ይችላል» አልኩት፣ እኔም በሹክሹክታ።

ውጭ ያለው ሰው ሹክሹክታችንን የሰማ ይመስል፣

«አብሽሩ፣ ሰው ነኝ» አለ።

ይቺን ቃል ልተውላችሁ አልችልም። «አብሽሩ» ማለት እኛ ዘንድ አይዟችሁ ማለት ነው፣ የታመመን፣ ያዘነን የምናጽናናበት ቃል ነው፣ በብርድ የቆመው እሱ፣ በሙቀት የተቀመጥነው እኛ፣ አይዟችሁ የሚለን እሱ። ደግሞ «ሰው ነኝ» አለ። እኔ በሕይወቴ ብዙ በር አንኳኩቻለሁ፣ «ሰይድ ነኝ» ብያለሁ፣ «ሹፌሩ ነኝ» ብያለሁ፣ «ሰው ነኝ» ብዬ ግን አላውቅም፣ ማን ነው እንዲህ ብሎ መናገር የሚያስፈልገው ብዬ አሰብኩና ያ ደረቅ ያልኳችሁ ልቤ መምታት ጀመረ።

መልስ ሲያጣ በድንኳኑ ዙሪያ መሄድ ጀመረ፣ በሩን ለመክፈት አልሞከረም፣ ዚፑን አልነካም፣ ረገጥ፣ ጸጥ፣ ረገጥ፣ ጸጥ፣ በስተግራ በኩል፣ ወደ ምድጃው ጎን መጣ። «መግባቱስ ይቅር፣ እሳቷን ልጠጋ» አለ፣ ለኛ ይበል ለራሱ እንጃ። ከዚያ ልብስ ሲተሻሽ ተሰማ፣ እንደ መቀመጥ። ከዚያ ሸራው ወደ ውስጥ ገባ አለ።

ሁለት መዳፎች ነበሩ። ከመሬት ብዙም አይርቁም፣ ቁጢጥ ያለ ሰው እጁን እንደሚዘረጋ፣ ጣቶቹ ዘርዘር ብለው፣ ከምድጃው ትይዩ ሸራው ላይ ተለጠፉ። የምድጃው ብርሃን ሸራው ላይ ይጫወታል፣ መዳፎቹ ግን አይንቀሳቀሱም፣ ይሞቃሉ። እመኑኝ፣ ሌላ ምንም አላደረጉም፣ አልገፉም፣ አልቧጠጡም፣ ይሞቁ ነበር። እንዲያውም አንድ ጊዜ ትንፋሹን በረጅሙ ሲያወጣ ሰማሁት፣ ብርድ የገባበት ሰው እሳት ሲያገኝ እንደሚለው። በረከት ዓይኑ እንባ ሞላ። እንባውን እያየሁ ነው እኔ ያንን ያደረግኩት።

እጄን ዘርግቼ ቆርቆሮዋን ወደ ቀኝ ገፋኋት።

እሳቱ ከጠፋ ይሄዳል ብዬ ነው። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም፣ ሙቀት ፍለጋ ከመጣ ሙቀት ሲያጣ ይሄዳል፣ በቃ። እሳቱ ዝቅ አለ፣ ሸራው ላይ የነበረው ብርሃን ቀይ ሆነ፣ ከዚያ ጠቆረ፣ መዳፎቹ ግን ቆዩ፣ በጨለማ ውስጥም ሸራው ወደ ውስጥ እንደገባ ይታየኝ ነበር፣ ወይም የሚታየኝ መሰለኝ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ታች ተንሸራተቱ።

«ጠፋች እንዴ» አለ።

ቁጣ የለበትም። ጎረቤት ለጎረቤቱ ያዘነ ዓይነት ነው፣ የኛ እሳት በመጥፋቷ ለኛ ያዘነልን ነው የሚመስለው። ትንሽ ቆየና «ይሁን፣ በሰላም እደሩ» አለን።

ከዚያ ምንም የለም። ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ፣ ቅጠሉ እስኪሰበር፣ ረገጥ፣ ጸጥ ብሎ እስኪርቅ። አልተሰበረም። ሲመጣ የሰማሁትን ሰው ሲሄድ አልሰማሁትም።

ምን ያህል እንደተቀመጥን አላውቅም፣ የታፈነው ምድጃ ማጨስ ሲጀምር በረከት ሳለ፣ ሳለና እጄን ከጉልበቱ ላይ አንስቶ፣ በቀስታ ነው ያነሳው፣ ሄዶ ዚፑን ከላይ እስከ ታች ከፈተው። የእጅ ባትሪውን ይዞ ወጣ። እኔ ውስጥ ነኝ። «ወንድሜ» እያለ ሲጣራ ይሰማኛል፣ «ወንድሜ፣ የት ነህ፣ ማን ነህ»፣ ድንኳኑን ዞረው፣ ወደ ጅረቱ ወረደ፣ ተመለሰ። ማንም የለም አለኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ያቺን ቆርቆሮ ወደ ግራ ሳባት፣ እንጨት ጨመረ፣ እሳቱ ሲያዝ የድንኳኑን በር እንደተከፈተ ተወውና ጃኬቱን ለብሶ በሩ ፊት ተቀመጠ። ብርዱ እንዳለ ገባ። ዝጋው ለማለት አፍ አልነበረኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፣ እንጨት ይጨምራል፣ ውጭ ውጭውን ያያል፣ እንደዚያ አነጋን።

ጎህ ሲቀድ ጫካው ሁሉ ነጭ ሆኖ ነበር፣ በረዶ አልወረደም፣ አመዳይ ነው፣ እያንዳንዱ ቅጠል ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። በረከት ቀድሞኝ ወጣ፣ ከዚያ «ሰይድ፣ ና» ብሎ ጠራኝ፣ ሰይዶ አላለኝም።

ከድንኳኑ በስተግራ፣ ከሸራው ሥር፣ አመዳይ ያልነካው ቦታ ነበር። ክብ ነው፣ አንድ ሰው እግሩን አጣጥፎ ቢቀመጥ የሚይዘው ያህል። ቅጠሉ ተጨፍልቋል፣ ግን ደረቅ ነው። በዙሪያው ሁሉ ነጭ፣ እዚያ ቡናማ።

«ምድጃው ነው፣ ሙቀቱ አሟሙቶት ነው» አልኩት። ልብ በሉ፣ አሁንም ልቤ አልራሰም።

በረከት የምድጃውን ቦታ በእጁ አሳየኝ። ምድጃው ያለው ወደ በሩ ጠጋ ብሎ ነው፣ እሱ ትይዩ ያለው መሬት እንደሌላው ነጭ ነው። ደረቁ ቦታ ከዚያ ራቅ ብሎ፣ እኔ ተቀምጬ ያደርኩበት ቦታ ጀርባ ነው። እኔ ከውስጥ ሸራውን ተደግፌ፣ እሱ ከውጭ ሸራውን ተደግፎ። የኛ ዱካ አመዳዩ ላይ ይታያል፣ በረከት ሲወጣ፣ እኔ ስወጣ፣ ወደዚያ ቦታ የሚሄድም ከዚያ የሚመለስም ሌላ ዱካ ግን የለም።

በረከት ቁጢጥ ብሎ ቅጠሉን በመዳፉ ነካው። «አመዳዩ የወረደው ወደ ንጋት ነው» አለ። «እስከዚያ እዚህ ነበር ማለት ነው። በሩ ክፍት ነበር፣ ሰይድ። ክፍት ሆኖ አልገባም።» እጁን ከቅጠሉ ላይ አነሳና «ማን ነህ አልኩት እንጂ ግባ አላልኩትም» አለ።

ዕቃችንን እንደተበተነ ትተን ፈለግነው። ጅረቱን ወደ ላይም ወደ ታችም ሄድን፣ ከወደቁ ግንዶች ሥር አየን፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተጣራን፣ እኔ ከሱ በላይ እጮህ ነበር። መኪናችን ጋ ወረድን፣ ብቻዋን ናት፣ መስታወቷ በአመዳይ ተሸፍኗል። ከዚያ ተራራው ግርጌ ወዳለች ትንሽ ቢሮ ነድተን ለጫካው ጠባቂዎች ነገርናቸው፣ አንዲት ጎልማሳ ሴት ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ተከትላን ወጣች፣ በደንብ ነው የፈለጉት፣ የደረቀችውን ቦታም አየች። የጠፋ ሰው ሪፖርት እንዳልመጣላቸው ነገረችን።

«ምን ነበር የሚላችሁ?» አለች።

በረከት አንድ በአንድ ተረጎመላት። «ሰው ነኝ» የሚለው ላይ ሲደርስ ፊቴን አዙሬ ወደ ጅረቱ አየሁ።

«እና ምን አላችሁት?» አለች።

በረከት አየኝ። እኔ ነኝ የመለስኩላት። «ምንም» አልኳት። ስልክ ቁጥራችንን ጽፋ፣ አንዳንዴ በብርድ ሌሊት ሰው ብዙ ነገር ይሰማል አለችንና ሸኘችን፣ ከቀናት በኋላ ደውላም ምንም እንዳልተገኘ ነገረችኝ። እስክትደውል ድረስ እንዴት እንደሰነበትኩ አልነግራችሁም። አስከሬን ከተገኘ ሰው ገድያለሁ ማለት ነው። ካልተገኘ ደግሞ ያ ከደጄ የመለስኩት ምን ነበር? ስልኩ በጮኸ ቁጥር የቱን እንደምለምን አላውቅም ነበር። አልተገኘም ስትለኝ እፎይ አልኩ፣ ወዲያው ደግሞ በእፎይታዬ አፈርኩ።

ከጁምዓ በኋላ መስጊዱ ፓርኪንግ ላይ ሐጂ እንድሪስን ጠብቄ አዋየኋቸው። ሐጂ የአባቴ አገር ሰው ናቸው፣ በዕድሜ የገፉ፣ ልጆቻቸው መንዳት ቢከለክሏቸውም የሚነዱ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ቆርቆሮዋን ጭምር።

«ሐጂ፣ እርስዎ ምን ይላሉ፣ ጅን ነው ወይስ ሰው?» አልኳቸው።

«እሳት ነበራችሁ?» አሉኝ።

«ነበረን።»

«ቦታስ?»

«ቦታም ነበረን።»

«እንግዲያ ይሄ ጥያቄ ከገባ በኋላ የሚጠየቅ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ፣ ሲናገሩ አልከበዱብኝም፣ ቁልፋቸውን ኪሳቸው ውስጥ እየፈለጉ ነው። ሶደቃ አውጣ፣ ኢስቲግፋር አብዛ፣ ምሕረት ለምን አሉኝ። መኪናቸውን ከከፈቱ በኋላ አንድ ነገር ትዝ እንዳላቸው ዞረው «ሲሄድ ሰምተኸዋል?» አሉኝ።

«አልሰማሁም» አልኳቸው።

ሐጂ እንድሪስ አዩኝ፣ ከዚያ ከትከሻዬ በላይ አሻግረው ወደ መኪናዬ አዩ፣ ሊናገሩ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። «ዘይነብን ሰላም በላት» ብለውኝ ገብተው ነዱ።

በረከት አላኮረፈኝም፣ ይደውላል፣ እንገናኛለን። አንድ ቀን ይቅር በለኝ ስለው ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ፣ «አንተ የያዝከው ጉልበቴን ነው እንጂ አፌን አልነበረም፣ መናገር እችል ነበር» አለኝ። ይሄን ካለኝ በኋላ እንኳን ሊቀለኝ ጭራሽ ከበደኝ፣ ያ ሀይዌይ ላይ ሳይቆም የማያልፍ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቆም ያለፈው በኔ ምክንያት ነው፣ አሁን እሱም የሚሸከመው ነገር አለው።

ሌላ የሚነገር ነገር የለኝም፣ በቤታችን ኮቴ አልተሰማም፣ መስኮት አልተንኳኳም፣ እንዲህ ያለ ነገር ከጠበቃችሁ የለም። ብቻ አሁን በቅርቡ ዘይነብ ትራሷን ይዛ ልጆቹ ክፍል መተኛት ጀመረች። መጀመሪያ ታንኮራፋለህ አለችኝ። ስጨቀጭቃት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና፣

«በእንቅልፍህ ታወራለህ» አለችኝ።

«ምን እላለሁ?»

«ግባ ትላለህ። ግባ፣ ግባ እያልክ ታድራለህ።»

የሆነውን ስለነገርኳት አልገረመኝም፣ ሕልም ነው፣ ጸጸት ነው፣ ያልፋል አልኳት። ዘይነብ ፊቷን አላዞረችም።

«ግባ ማለትህን ለምጄዋለሁ» አለችኝ። «ግን አንዳንድ ሌሊት ዝም ትላለህ። ዝም ትልና ጠጋ ብለህ ቦታ ትለቃለህ፣ ብርድ ልብሱንም ታካፍላለህ።»

ቦታውን የምለቀው በየትኛው ጎኔ እንደሆነ እስካሁን አልጠየቅኳትም።